ከአንድ በላይ መልስ ያለው ጥያቄ፦ የፈጠራ አስተሳሰብን በክፍል ውስጥ ማስለመድ

የፈጠራ አስተሳሰብ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ከአሮጌ ባትሪና ከወዳደቀ ሽቦ አንዳች መሣሪያ የሠራና በሳይንስ ኤግዚቢሽን የተሸለመ አንድ ልዩ ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ መደገፍ ይገባዋል። ጉዳዩን በእሱ ብቻ ከመዘንነው ግን በዚያው ክፍል የተቀመጡትን ሃምሳና ስድሳ ተማሪዎች ነገሩ እንደማይመለከታቸው አድርገን እናልፋቸዋለን። በትምህርት ጥናት የፈጠራ አስተሳሰብ የሚባለው ከዚህ ሰፋ ያለና ማንኛውም ተማሪ በየደረጃው ያለው ችሎታ ነው። ይኸውም ለአንድ ጥያቄ የተለያዩ ሐሳቦችን ማፍለቅ፣ ከፈለቁት መካከል ለየት ያለውንና የሚሠራውን መለየት፣ የተመረጠውንም እያረሙ ማሻሻል ነው። ሦስቱም በልምምድ ያድጋሉ፤ ካልተለማመዷቸውም ይዳከማሉ። ስለዚህ የመደበኛው ክፍለ ጊዜ ሥራ እንጂ በዓመት አንዴ ለሚደረግ ውድድር የሚተዉ አይደሉም።

ይህን ችሎታ በሥርዓት ማጥናት የተስፋፋው ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆይ ፖል ጊልፎርድ እ.ኤ.አ. በ1950 የሀገሩ የሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ባደረገው ንግግር ሙያው የፈጠራ ችሎታን ችላ ማለቱን ተችቷል፤ አስተሳሰብንም ወደ አንድ ትክክለኛ መልስ የሚያመራና ወደ ብዙ አቅጣጫ የሚዘረጋ ብሎ ለይቷል። «ሰባት ሲባዛ በስምንት ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያውን ይሻል፤ «አንድ ጡብ ከግንብ ሥራ ሌላ ለምን ለምን ይጠቅማል?» የሚለው ሁለተኛውን ይሻል። ኤሊስ ፖል ቶራንስ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው መለኪያ ደግሞ የሐሳቦቹን ብዛት ከመቁጠር አልፎ ዓይነታቸው ምን ያህል እንደሚለያይ፣ ምን ያህል ያልተለመዱ እንደሆኑና ምን ያህል በዝርዝር እንደተብራሩ ይመዝናል። ለመምህር ትልቁ ፍሬ ያለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። አንድ ተማሪ ጡቡን በር ለመደገፍ፣ መስኮት ለመደገፍና ጠረጴዛ ለመደገፍ እንደሚጠቅም ቢናገር ሦስት መልስ ሰጥቷል፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ሌላው አንዱን ለመደገፊያ፣ አንዱን በእሳት አሙቆ አልጋ ለማሞቂያ፣ አንዱን ፈጭቶ ለቀይ ቀለም ቢል ሦስት ጊዜ አቅጣጫ ቀይሯል። «ጨምሩ» ከማለት ይልቅ «ዓይነቱን ቀይሩ» የሚል መምህር ተማሪዎቹን ወደዚህኛው ይመራል።

አዲስ ሐሳብ ከባዶ እንደማይወጣም ከመነሻው መታወቅ አለበት። ኦኢሲዲ የተባለው የበለጸጉ ሀገራት የኢኮኖሚ ድርጅት ፒሳ በሚባለው ዓለም አቀፍ ፈተናው የ15 ዓመት ተማሪዎችን የፈጠራ አስተሳሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘነው እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሆን፣ ውጤቱ በ2024 ታትሟል። ተማሪዎቹ በጽሑፍ፣ በሥዕል፣ በማኅበራዊ ችግርና በሳይንስ ችግር ዙሪያ ሐሳብ እንዲያፈልቁና የሌላውን ሐሳብ እንዲያሻሽሉ ተጠይቀዋል። ሲንጋፖር ከ60 ነጥብ 41 በማግኘት ቀዳሚ ስትሆን የድርጅቱ አባል ሀገራት አማካይ 33 ነበር። በሒሳብ ከዝቅተኛው መመዘኛ በታች ከሆኑት ተማሪዎች መካከል በፈጠራ አስተሳሰብ ከፍ ያሉት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። በሌላ በኩል በሒሳብ ከዓለም ፊተኞች የሆኑት የሆንግ ኮንግና የማካው ተማሪዎች በዚህኛው ከአማካዩ ብዙም አልራቁም። ኢትዮጵያ በዚህ ፈተና ባትሳተፍም ውጤቱ ለእኛም ይጠቅማል፤ ዕውቀት ለፈጠራ መሠረት እንደሆነ፣ ዕውቀት ብቻውን ግን ፈጠራን ይዞ እንደማይመጣ፣ ለብቻው መለማመድ እንደሚያስፈልገው ያሳያልና።

ይህንን በሚገባ ያወቀ የማስተማር ሥርዓት በሀገራችን ለዘመናት ኖሯል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሽምደዳው ነው፤ በንባብ ቤትና በዜማ ቤት ዋናው ሥራ የተሰጠውን ሳያዛንፉ መያዝ በመሆኑ አስተያየቱ በከፊል እውነትነት አለው። ተማሪው ወደ ቅኔ ቤት ሲገባ ግን የሚጠየቀው ነገር ተገላቢጦሽ ነው። በቅኔ ቤት የሌላ ሰው ቅኔ በቃል ይዞ መቅረብ አያስመሰግንም፤ ተማሪው ዛሬ የሚያቀርበው ቅኔ ትናንት ያልነበረ መሆን አለበት። በዋድላ፣ በጎንጅና በዋሸራ ቤቶች ስም የሚታወቁት የቅኔ ትምህርት መንገዶች በአገባብና በስልት ቢለያዩም በዚህ ነጥብ አንድ ናቸው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ተማሪው በመጀመሪያ የግእዝ ግስ ያጠናል፤ አገባቡን ይማራል፤ የመምህሩን ቅኔ ከነትርጓሜውና ከነምሥጢሩ ይሰማል። ይህ የዕውቀት ስንቅ ነው። ከዚያ ወደ አንድ ጸጥ ያለ ስፍራ ገለል ብሎ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ተቀምጦ፣ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል። ሲጨርስ ለየኔታ ይነግራል። የኔታም እዚያው ሰምተው የተሳተውን ሙያ (የቃሉን አገባብ) ያቃናሉ፤ ቤት ያልመታውን ያርማሉ፤ ሰሙና ወርቁ ያልተገጣጠመውን ይለያሉ። ተማሪው የሚጀምረው ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው። በዚያ እጁን ካፍታታ በኋላ ወደ ሦስትና ከዚያ በላይ ቤት ወዳላቸው ይሻገራል፤ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስም በየደረጃው ይደርሳል። ለመጀመሪያ ቀን ተማሪ «እስቲ መወድስ አምጣ» የሚለው የለም፤ «ገና ጀማሪ ነህና የሌላውን ብቻ አጥና» የሚለውም የለም። በችሎታው ልክ የሆነች ትንሽ ቅርጽ ተሰጥቶት በዚያች ውስጥ ግን ሙሉ በሙሉ የራሱን እንዲያመጣ ይገደዳል።

ዘመናዊ ጥናቶች የሚመክሩት አብዛኛው ነገር በዚህ አሠራር ውስጥ ይገኛል፦ ዕውቀቱ ይቀድማል፤ የፈጠራ ሥራው ደረጃ በደረጃ ይከብዳል፤ ልምምዱ ዕለታዊ ነው፤ ለብቻ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል፤ እርማቱ ሐሳቡ ትኩስ ሳለ ይደርሳል፤ ስሕተቱም የሚታየው መስተካከል እንዳለበት ሥራ ነው። ዓይነ ስውር ሆነው በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ዘርግተው ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ሲታሰቡ ደግሞ ሌላ ነገር ግልጽ ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን የሚሰማና የሚያርም መምህር ነው። የቤተ ሙከራና የኮምፒዩተር እጥረት እውነተኛ ችግር ነው፤ የተማሪውን ሐሳብ ላለመጠየቅ ግን በቂ ምክንያት አይሆንም። የቅኔ ቤቱን ሥርዓት እንዳለ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንውሰድ ማለቴም አይደለም። የምለው፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከነባሩ ትምህርት የንባብ ቤቱን በቃል መያዝ ሲወርስ የቅኔ ቤቱን የራስን ማምጣት ትቶታል ነው። ጉድለቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በፖሊሲ ደረጃ ጉዳዩ አልተዘነጋም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርትም ለክወናና ለእይታ ጥበባት ቦታ ሰጥቷል። ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን መምህሩ ማስታወሻ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ቀሪዋ ጊዜ በኅብረት በሚመለስ ጥያቄ ታልቃለች። መምህሩን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም። የመማሪያ መጽሐፉ በጊዜው ማለቅ አለበት፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህም ወላጅም ርዕሰ መምህርም የሚጠይቁት ስለ ውጤት ነው። በዚህ ጫና ውስጥ ያለ መምህር «ለፈጠራ ጊዜ የለኝም» ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ ማንኛውም ምክር ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ የማይጠይቅ፣ ያንኑ ይዘት የሚያስተምር ካልሆነ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ያንኑ ይዘት እያስተማሩ የተማሪውን አስተሳሰብ ለመለወጥ ቀላሉ መንገድ ጥያቄውን መለወጥ ነው። የስፋትን ትምህርት እንውሰድ። የተለመደው ጥያቄ «ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ ሬክታንግል ስፋቱ ስንት ነው?» ይላል። ተማሪው አባዝቶ 32 ካሬ ሜትር ይላል፤ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ጥያቄውን እንዲህ እንለውጠው፦ «ለትምህርት ቤታችን ችግኝ ጣቢያ ማጠሪያ 24 ሜትር ሽቦ አለን። በሬክታንግል ቅርጽ ስንት ዓይነት መደብ ማጠር ይቻላል? የቱን ትመርጣላችሁ? ለምን?» አንዱ 11 በ1 አድርጎ 11 ካሬ ሜትር ያገኛል፤ ሌላዋ 10 በ2 አድርጋ 20፣ ሌላው 9 በ3 አድርጎ 27፣ 8 በ4 ያደረገ 32፣ 7 በ5 ያደረገች 35፣ 6 በ6 ያደረገ 36 ያገኛል። ክፍሉ በሙሉ ማባዛትን ተለማምዷል፤ በዚያ ላይ ተማሪዎቹ መጠነ ዙሪያ ሳይለወጥ ስፋት እንደሚለወጥ ራሳቸው ደርሰውበታል።

ትምህርቱ የሚጣፍጠው ከዚህ በኋላ ነው። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ግድግዳው አጠገብ ብናደርገውስ?» ትላለች እንበል። በአንድ በኩል የትምህርት ቤቱ ግንብ ካለ ሽቦው የሚያስፈልገው ለሦስት ጎን ብቻ ነው፤ ወደ ውጭ የሚወጡት ሁለቱ ጎኖች 6፣ 6 ሜትር፣ ከግንቡ ትይዩ የሆነው 12 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 72 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ከትልቁ ካሬ እጥፍ ማለት ነው። ሌላው «ክብ ብናደርገውስ?» ካለ የላይኛው ክፍል ተማሪ አስልቶ ወደ 45.8 ካሬ ሜትር እንደሚደርስ ያገኛል። ሌላው ደግሞ «6 በ6 ከሆነ መሐል ያለውን ችግኝ ውሃ ለማጠጣት እጅ አይደርስም፤ እኔ 10 በ2 እመርጣለሁ» ሊል ይችላል፤ ትልቁን ስፋት ያላመጣ ቢሆንም ምክንያቱ የአትክልተኛ ምክንያት ነውና ሊመሰገን ይገባዋል። እንዲህ ያለው ጥያቄ መምህሩን የሚያስወጣው ተጨማሪ ወጪ የለም። በጃፓን የሒሳብ መምህራንና ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ መልስና ብዙ የአፈታት መንገድ ያላቸውን ጥያቄዎች በመደበኛው ትምህርት ውስጥ አስገብተዋል።

ማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ጥያቄ በጥቂት ለውጥ ወደዚህ ሊቀየር ይችላል። መልሱን ሰጥቶ ጥያቄውን ማስፈለግ አንዱ ነው፤ «መልሱ 36 የሚሆን አምስት የተለያዩ ጥያቄዎች አውጡ» እንደማለት። በታሪክ ትምህርት ያንኑ ክስተት በገበሬው፣ በነጋዴውና በወታደሩ ዓይን አስጽፎ ማወዳደር፣ በአማርኛ ትምህርት የተነበበውን ተረት ከመሐሉ አቁሞ መጨረሻውን ማስለወጥ፣ በሳይንስ ደግሞ «ይህ ነገር ባይኖር ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር?» ማለት ከዚሁ ይመደባሉ። ልጆቻችን እንቆቅልሽ ሲጫወቱ አንድን ነገር ከማይጠበቅ ጎኑ ማየትን አስቀድመው ለምደዋል፤ ስለሚማሩት ነገር ራሳቸው እንቆቅልሽ እንዲያወጡ ማድረግ ለታችኞቹ ክፍሎች ከሁሉ የሚቀል ልምምድ ይመስለኛል።

ጥያቄው ጥሩ ሆኖ ሳለ ነገሩ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ለመልሱ በሚሰጠው ምላሽ ነው። መምህሩ የአፈር መሸርሸርን ሲያስተምሩ «እንዴት እንከላከለዋለን?» ቢሉ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ዛፍ በመትከል፣ እርከን በመሥራት!» ይላል። ይህ መልስ ስለተሸመደደ ማሰብ አላስፈለገውም። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ መስኮቱ አሳይተው «ከዚያኛው ክፍል ጣሪያ የሚወርደው ዝናብ መሬቱን ቦርቡሮታል። ዛፍ ለመትከል ቦታው ጠባብ ነው፤ ሲሚንቶ መግዣም የለንም። ምን እናድርግ?» ቢሉ ግን መልሱ ይለያያል። አንዱ ድንጋይ እንደርድርበት፣ ሌላዋ በርሜል እናስቀምጥና ውሃውን ለችግኝ እንጠቀምበት፣ ሌላው ቦይ እንቅደድለት ይላል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ደግሞ «ጣሪያውን እናዙረው» ይላል። ክፍሉ ይስቃል።

የፈጠራ አስተሳሰብ በዚያ ክፍል ውስጥ መኖር አለመኖሩ የሚወሰነው በዚህች ቅጽበት ነው። መምህሩ አብረው ከሳቁ፣ ወይም «ተቀመጥ» ካሉ፣ ያ ልጅ ብቻ ሳይሆን መልሱን በሆዱ ይዞ ሲያመነታ የነበረው ሁሉ አፉን ይዘጋል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን የቤት አባባል ትምህርት ቤትም አጸናው ማለት ነው። መምህሩ በረጋ ድምፅ «እንዴት ማለትህ ነው? እስቲ አስረዳን» ካሉት ግን ልጁ «ውሃው በዚህ በኩል እንዳይወርድ፣ ወደዚያ ድንጋዩ ላይ እንዲሄድ ነው» ሊል ይችላል። የፈለገው አሸንዳ ነው፤ ስሙ ወይም አሠራሩ አልመጣለትም እንጂ ከሁሉም ወደ መፍትሔው የቀረበው እሱ ነው። ከዚያ መምህሩ ሁሉንም መልሶች በሰሌዳ ላይ ጽፈው «የቱ ቶሎ ይሠራል? የቱ ርካሽ ነው? የቱ ክረምቱን ይዘልቃል?» እያሉ ያስመርጣሉ። ማፍለቅና መተቸት በአንድ ጊዜ ከተደረጉ ትችቱ ያሸንፋል፤ በተራ ከተደረጉ ሁለቱም ይገኛሉ። ሁሉንም መልስ «ጎበዝ!» ብሎ ማለፍም ልጆቹን አይጠቅምም፤ የማይሠራው ሐሳብ ለምን እንደማይሠራ መመርመር ከሥራው ግማሹ ነው።

ጊዜ መስጠትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው ጥናቶች መምህራን ከጠየቁ በኋላ ለመልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ መሆኑን አሳዩ። ዝምታው ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲራዘም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ሳይጠሩ የሚመልሱት በዙ፤ ደካማ ይባሉ የነበሩትም መሳተፍ ጀመሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ የገባውን የፕላዝማ ትምህርት የተማሩ አንባቢዎች ይህን ከማንም በላይ ይረዱታል፤ በስክሪኑ ላይ ያሉት መምህር ጠይቀው፣ ጥቂት ጠብቀው፣ ማንም መለሰ አልመለሰ መልሱን ራሳቸው ተናግረው ይቀጥሉ ነበር። ፕላዝማው ሊሰማን ስለማይችል ነው፤ ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር ግን ይችላል። እጅ ያወጣውን የመጀመሪያውን ተማሪ ወዲያው አለመጥራት፣ «ሁላችሁም መጀመሪያ በደብተራችሁ ጻፉ» ብሎ ዝም ማለት፣ ለመምህሩም ለተማሪውም በመጀመሪያ ቢከብድም በጥቂት ሳምንታት የሚለመድ ነው።

የቡድን ሥራ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «አንድ ለአምስት» ተብሎ በሚታወቀው አደረጃጀት ያለፈ ተማሪ ሁሉ የሚያስታውሰው፣ ጎበዙ ሲሠራ የቀሩት ስማቸውን ሲያስመዘግቡ ነው። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በቡድን ሐሳብ የማዝነብ ዘዴን ያስፋፋው አሌክስ ኦስቦርን የተባለ የማስታወቂያ ባለሙያ ሲሆን፣ በየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1958 ባደረጉት ሙከራ ግን አራት ሰዎች ለየብቻቸው ያፈለቁት ሐሳብ ሲደመር አራት ሆነው በጋራ ከተቀመጡት ይበልጥ ነበር። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ሲያዳምጥም የራሱን ሐሳብ ይረሳል ወይም ይተዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ፤ የቅኔ ተማሪው አስቀድሞ ለብቻው እንደሚቆጥር ሁሉ እያንዳንዱ ተማሪ አምስት ደቂቃ ለብቻው ጽፎ ወደ ቡድኑ ይምጣ። የቡድኑም ሥራ ሐሳቦቹን ማዳቀል፣ መምረጥና ማሻሻል ይሁን።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የነጥብ ጉዳይ ነው። ሩት በትለር በእስራኤል የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት አንዱ ቡድን በሥራው ላይ የጽሑፍ አስተያየት ብቻ፣ ሌላው ነጥብ ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ተሰጠው። በሥራውም በፍላጎቱም የተሻለው አስተያየት ብቻ ያገኘው ነበር፤ ነጥብና አስተያየት አንድ ላይ የተሰጠው ቡድን ነጥብ ብቻ ከተሰጠው ብዙም አልተሻለም። ልጅ ነጥቡን ካየ አስተያየቱን እንደማያነብ ማንም መምህር ያውቀዋል። ቴሬሳ አማቢሌም እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጥናት ወረቀት እየቆራረጡ ሥዕል የሚለጥፉ ልጃገረዶችን አወዳድረዋል፤ ለምርጡ ሽልማት እንዳለ የተነገራቸው ልጆች ሥራ ካልተነገራቸው ያነሰ ፈጠራ የታየበት ሆነ። ሽልማት ያሰበ ልጅ አስተማማኙን መንገድ ይመርጣልና።

ይህ ማለት ፈተና ይቅር ማለት አይደለም። ተከታታይ ምዘና የሚባለው አሠራር በእጃችን ስላለ፣ የፈጠራ ልምምዱ ገና በሚሠራበት ደረጃ ላይ ነጥብ ሳይሰጥበት በሁለት መስመር አስተያየት ይታረም፤ ተማሪው አሻሽሎ ሲያመጣው ነጥብ ይያዝለት። «የግንቡ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አስብበት» የሚል ዓረፍተ ነገር ከ«7/10» የበለጠ ያስተምራል። በመንፈቀ ዓመት ፈተናም ከምርጫና ከእውነት ሐሰት ጥያቄዎች መካከል አንዲት ክፍት ጥያቄ ብትገባ፣ ነጥቧም «ሁለት የተለያየ ዓይነት መንገድ ላሳየ 2፣ አንዱን የመረጠበትን ምክንያት ለጻፈ 2» ተብሎ አስቀድሞ ቢነገር፣ አራሚው አይቸገርም፤ ተማሪውም ምን እንደሚጠበቅበት ያውቃል። የማይመዘን ነገር በትምህርት ቤቶቻችን ቦታ እንደሌለው ስለማውቅ ይህችን አንዲት ጥያቄ እንደ ትንሽ ነገር አላያትም።

የተማሪ ብዛትና ቋንቋ የሚያነሡት ጥያቄም አለ። መስፈርቱ በአንደኛ ደረጃ ለአንድ ክፍል 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ቢሆንም በብዙ ቦታ ከዚያ ይበልጣል፤ ሁሉንም መስማት አይቻልም። ሁሉም ከጻፈ በኋላ ከጎኑ ካለው ጋር ደብተር ተቀያይሮ፣ መምህሩ በየክፍለ ጊዜው ከተለያየ ረድፍ ስድስት ሰባቱን ቢያስነብቡ ግን በወር ውስጥ ሁሉም ተራ ይደርሰዋል። በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሐሳብ ያለው ልጅ ቃል አጥቶ ዝም ይላል። በመጀመሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በለመደው ቋንቋ ሐሳቡን እንዲያወጣ ፈቅዶ፣ ያን ወደ እንግሊዝኛ መመለሱን እንደ ሁለተኛ ሥራ ማሠራት ሁለቱንም ያተርፋል።

መጨረሻ ላይ የማነሣው ስለ መምህሩና ስለ አለቆቹ ነው። ዌስትቢና ዶውሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት መምህራን የፈጠራ ችሎታን እንደሚወዱ ቢናገሩም፣ ይበልጥ የሚወዷቸው ተማሪዎች ጠባይ ፈጣሪ ከሚባሉት ጠባይ ጋር የሚራራቅ ሆኖ ተገኘ። ብዙ የሚጠይቅ፣ በራሱ መንገድ ካልሆነ የማይሠራ ልጅ ክፍል ያስቸግራል፤ ይህ ሐቅ ነው። መምህሩ ይህን ልጅ የሚታገሡት ደግሞ ርዕሰ መምህሩና ሱፐርቫይዘሩ ጸጥ ያለውን ክፍል ብቻ ጥሩ ክፍል ብለው የማይመዘግቡ ከሆነ ነው። ክፍል ሊያዩ የሚመጡት ኃላፊዎች በቅጻቸው ላይ የትምህርት ዕቅዱን፣ የሰሌዳ አጠቃቀሙንና የተማሪውን ሥነ ሥርዓት ይሞላሉ። በዚያው ቅጽ ላይ ሁለት ረድፍ ይጨመር፦ ከአንድ በላይ መልስ ያለው ጥያቄ ተጠይቋል ወይ? ለእሱስ ስንት ዓይነት መልስ ተሰማ? መምህሩ ለተለየው መልስ የሰጡት ምላሽ ምን እንደነበረም በአንድ መስመር ይጻፍ። ታዛቢው ከመምህሩ ጋር ሲነጋገሩ ውይይቱን ከዚያ መስመር ቢጀምሩት፣ መምህሩ በሚቀጥለው ሳምንት የትኛውን ጥያቄ እንደሚለውጡ አብረው ይወስናሉ።